በሲቲ ስካኑ የታየው ሐብል

የታናሺቱ የዓይን ቆብ መውደቅ ሲጀምር፣ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ «መጣች ደግሞ በማስለምለሟ» ነበር ያለችው። ልጅ ሳሉም ዓይኗን ስልምልም ባደረገች ቁጥር እናታቸው «ደክሟት ነው» እያለች ሥራውን ሁሉ ታላቂቱ ላይ ትጭን ነበር። ያስታመመቻት ታላቂቱ ሆና ሳለ፣ እናታቸው ስትሞትም ያንን ወፍራም የወርቅ ሐብሏን ለታናሺቱ ሰጠች። ታላቂቱ ያኔ «ይህን ወርቅ ብነካ እጄ ይቆረጥ!» ብላ ማለች። ከማለች ደግሞ ንቅንቅ የለም።

ታናሺቱ ማኘክም እያቃታት ሲሄድ ሐኪሙ ደረቷ በሲቲ ስካን ይታይ አለ። ከደረት አጥንት ኋላ ታይመስ የሚባል፣ ሰው ሲያድግ የሚከስም ዕጢ አለ፤ እሱ ላይ ጡንቻዎቿን የሚያደክም እብጠት ሳይወጣ አይቀርም ብሎ ጠርጥሯል።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ታናሺቱ አንገቷን አዘነበለች።

«እትዬ፣ ሐብሌን ፍቺልኝ።»

«እኔ? የሰጠችሽ ትፍታልሽ!»

ታናሺቱ ሐብሉን እንዳጠለቀች ጋዋኑን እስከ አንገቷ ቆልፋ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ የማሽኑ ባለሙያ ብቅ አለ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ወርቁ እኮ ልናየው የፈለግነውን ቦታ ጋርዶብናል። ለምን አታወልቅም?»

«እጄ ወደ ላይ አልነሳ ብሎኝ ነው» አለች ታናሺቱ ከውስጥ።

ታላቂቱ ክው አለች። ዓይኗን ማስለምለሟም፣ መድከሟም፣ ለካ ሁሉም እውነት ኖሯል። ገብታ የሐብሉን ቁልፍ ፈታች። ወርቁ በእህቷ ገላ ሞቆ ነበር። እዚያም ቆማ ቅናቷ አልለቀቃትም፤ ወርቁ ሲከብድ ደግሞ!

በኋላ ሐኪሙ ፎቶውን አሳያቸው፤ ከልብ በላይ እንቁላል የምታክል እብጠት። «ዳሯ ጥርት ያለ ነው፤ ወደ ደም ሥሮቹ የገባች አትመስልም። በቀዶ ጥገና እናወጣታለን» አላቸው።

ኮሪደሩ ላይ ታናሺቱ «አንቺው ውሰጂው፣ እትዬ። ድሮም ላንቺ ነበር የሚገባው» አለች።

ታላቂቱ ይህን ቃል ዕድሜ ልኳን ስትጠብቀው ኖራለች። ሲመጣ ግን አስደነገጣት።

«ኑዛዜ ነው እንዴ? የእናታችን ይበቃኛል! ኦፕራሲዮንሽን ጨርሰሽ፣ እጅሽ ተነስቶልሽ፣ ራስሽ አንገቴ ላይ ትቆልፊልኛለሽ። ያኔም አመሰግንሻለሁ ብለሽ እንዳትጠብቂ!»

ታናሺቱ በአንድ ዓይኗ እያየቻት ሳቀች።

ታላቂቱ ሐብሉን በመሃረብ ቋጥራ ጉያዋ ከተተችው። እህቷ አንገቷ ላይ እስክትቆልፍላት ድረስ ማንም ሰው እንዲያየው አልፈለገችም።