ቀማሿ

«ሆድሽን አሞሻል?»

«አላመመኝም። አንቺንስ?»

«እኔንጃ። የሆነ ነገር ይለኛል።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ ለቅሶ ቤት ነው። ፀጉር ሠሪዋና አስተማሪዋ ጥግ ላይ አንድ ፍራሽ ተጋርተው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለው ሻይ ቀዝቅዟል፤ ዳቦው ደርቋል። ሰው ሲያያቸው ሐዘን አላስበላ ብሏቸው ይመስለዋል። ሐዘንማ ገና ተራው አልደረሰም። ያልበሉት ፈርተው ነው።

ባለፈው እሁድ ሦስት ሆነው ለአንድ ሳህን ዓሣ ተቀመጡ። ማክሰኞ አንዷ ሞተች።

የሞተችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ኧረ ራሴን!» አለች፤ ከዚያ የጀመረችው ጨርቅ ላይ ተደፋች፤ በዚያው ቀረች።

በሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«መንገድ ሄደው ነበር አሉ።»

«ዓሣ ነው የሚሉት። የከረመ ዓሣ።»

«አብረዋት የበሉትስ?»

«እነዚያውልሽ፣ ጥግ ላይ።»

ዞረው አዩአቸው። ቀጥላ የምትሞተዋን እንደሚመርጥ ሰው ነው ያዩአቸው።

አስተማሪዋ የፀጉር ሠሪዋን ክንድ ቆነጠጠች። «ሰማሽ?»

«አልሰማሁም» አለች። ሰምታለች።

«እኔ ቤት ልሂድ።»

«ሄደሽስ? እዚያ ብቻሽን ልትሞቺ?» ቀልድ ነበር። ሁለቱም አልሳቁም። የአስተማሪዋ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጠዋት ልትነሳ ስትል ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው። ከማክሰኞ ወዲህ ከውሃ በቀር አፏ የገባ የለም። እንዲህ ከቀጠለች ዓሣው ቢምራት እንኳ ረሃቡ አይምራትም።

ሦስቱ በየዓመቱ አንዴ ሥራቸውን ዘግተው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ሐይቁ ከተማ ይሄዳሉ። ገበያ ይዞራሉ፤ አንድ ሳህን ያዛሉ፤ ይመለሳሉ። ልብስ ሰፊዋ ሁሉን ነገር ቀድማ ካልነካች አይሆንላትም። ጫማ ከሆነ፣ የማንም ይሁን፣ አጥልቃ ሱቁን ትዞርበታለች። ጨርቅ ከሆነ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ታሸዋለች። ምግብ ሲመጣማ ማንም እጁን አይዘረጋም። እሷ ትጎርሳለች፤ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ጣቷን ወደ ላይ ትቀስራለች። «ቆይ» ማለቷ ነው። ታኝካለች፣ ትውጣለች፣ ዝም ትላለች። እነሱ ምራቃቸውን እየዋጡ ይጠብቃሉ። ከዚያ ነው «ብሉ» የምትለው።

«ሆዳም!» ትላታለች አስተማሪዋ። «አንቺ ሰርግ ቢጠሩሽ ከሙሽራው ቀድመሽ ነው የምትጎርሺው።»

«ሙሽራውንም ቢሆን ቀምሼ ነው ለሙሽሪት የማስረክበው።»

በሳቅ ይፈርሳሉ። ስሟም ቀማሿ ሆኖ ቀረ።

ፀጉር ሠሪዋ ትከሻዋ ላይ ያለውን ሻርፕ የገዛችው ያን እሁድ ጠዋት ነው። የወደደችው ቢጫውን ነበር። ቀማሿ ጫፉን ይዛ አሸችው፤ ጣቷ ቢጫ ሆነ።

«ይለቃል። ተይው።»

ጥቁሩን አሸችው። ጣቷ ንጹሕ ነው።

«ይኼን ውሰጂ።»

«ጥቁር? ማን ሞቶብኝ?»

«የሚሞት መች ይጠፋል» አለችና ከሻጩ ጋር ክርክር ገጠመች።

ያኔ አስቋት ነበር። አሁን ሻርፑ ትከሻዋን የጨመደዳት እጅ ይመስላታል። ሌላ ጥቁር ልብስ ቢኖራት አውልቃ ትወረውረው ነበር።

ምሳ ላይ ሐይቁ ዳር ተቀመጡ። የቆርቆሮ ጠረጴዛ፣ የሚነቃነቅ ወንበር። ዓሣው ከነጭንቅላቱ፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ በጨውና በሎሚ ብቻ መጣ። ቀማሿ ቀደመች። አንድ ዓይን፣ አንድ ጣት። ያን ቀን «ቆይ»ዋ ረዘመ።

«ምነው? ተበላሽቷል እንዴ?»

«አይ። ሎሚው በዝቶ ነው። ብሉ።»

በሉ። እንደዚያ ቀን ዓሣ ጣፍጧቸው አያውቅም፤ አጥንቱን ሳይቀር ላሱት። ፀጉር ሠሪዋ ከቀብሩ ወዲህ የምታኝከው ያችን «ቆይ» ነው። ለምን ረዘመች? ምን ቀመሰችና ደበቀች?

ከሰዓት በኋላ የሟች ወንድም ገባ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሐኪም ቤት መምጣቱ ነው። እናቱ እግር ሥር ቁጢጥ አለ።

«ዓሣ አይደለም፣ እማዬ። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሥር ነው የፈነዳው። ስትወለድም የሳሳ ነበር አሉ። ማንም አያውቅም፤ እሷም አታውቅም።»

አስተማሪዋ እፎይ አለች። ወዲያው ግን እጇ ወደ ራሷ ሄደ፤ ግንባሯን ዳበሰች፣ ጆሮ ግንዷን ዳበሰች።

«አንቺ» አለች ቀስ ብላ። «እኔም እኮ ራሴን ያመኛል።»

«ሁሌም ያምሻል። ያን ሁሉ ልጅ ጮኸሽ እያስተማርሽ።»

«እሷም አታውቅም አለ እኮ።»

ዓሣው ቢሆን ይሻል ነበር። ዓሣ ይተዋል። ጭንቅላት የት ተጥሎ ይኬዳል? ፀጉር ሠሪዋ እጇን አየችው። ይኼ እጅ ቀማሿን በየሳምንቱ ገንዳው ላይ አጋድሞ አጥቧታል፤ «እዚህ ጋ እከኪኝ» ስትል አክኳታል። ያቺ የሳሳች ክር ያን ጊዜም ከጣቷ ሥር ነበረች። አንድም ቀን አልነገረቻትም። ፀጉር ሠሪዋን ብርድ ብርድ አላት፤ ሻርፑን ሳትወድ ሰበሰበችው።

«ዓሣ ያለው ማነው?» አሉ እናትየው በድንገት።

«ሰው ነው፣ እማዬ። ሰው ያወራል።»

«ልጄ ዓሣ አትበላም።»

ሁለቱ ተያዩ።

«ሕፃን ሆና የተበላሸ ዓሣ በልታ ልትሞትብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽታው ሲደርሳት ከቤት ትወጣለች። እንደ ሞቷ ነው የምትፈራው።» ወደ ጥጉ ዞሩ። «እናንተ አብራችኋት ነበራችሁ። በላች?»

ቤቱ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። አስተማሪዋ አንገቷን ደፋች። ፀጉር ሠሪዋ ያን እሁድ አስታወሰች። ዓሣ ያዘዘችው ማን ነበረች? እሷ። ሁልጊዜም እሷ ናት፣ ገና ወንበር ሳትስብ «ዓሣ!» የምትለው። ቀማሿስ «ብሉ» ካለች በኋላ ምን ትበላ ነበር? ዳቦ። ሳህኑን ወደ እነሱ ገፋ ታደርግና ዳቦ ትቆርሳለች። «እኔ ጠግቤያለሁ።» ሆዳሟ።

«ቀመሰች፣ እማማ» አለች። «ቀምሳ ነው የሰጠችን።»

እናትየው ትኩር ብለው አዩዋት። ፀጉር ሠሪዋ እርግማን ጠበቀች።

«እሷ ናታ» አሉ እናትየው፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ትንሽ ቆይቶ አንዷ ጎረቤት የቀዘቀዘውን አንስታ አዲስ ሳህን አስቀመጠችላቸው። የተቀቀለ ድንች፣ ጨው፣ ዳቦ። እንፋሎቱ ይወጣል። አስተማሪዋ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

«ውሰጂልኝ። አልችልም። አይወርድልኝም።»

«ድንች ነው።»

«ቢሆንም እፈራለሁ።»

ፀጉር ሠሪዋም ትፈራለች። እጇን ሰዳ ድንቹን ቆረሰች። ጎረሰች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

አስተማሪዋ ጣቱን አየች፤ አፏን በእጇ ከደነች።

ፀጉር ሠሪዋ አኘከች። አልወርድ አላት። ዋጠች። ዝም አለች፤ ዝምታዋ ረዘመ። ከተጨፈነው ዓይኗ ሥር እንባ ወጥቶ በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ጣቷ እንደተቀሰረ ነው።

ከዚያ ጣቷን አጠፈችና ሳህኑን ወደ አስተማሪዋ ገፋ አደረገችላት።