አቶ ፍሥሐ የማይወዱት ሎግ

የእርዳታ መጋዘኑ ኃላፊ አቶ ፍሥሐ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ጤና የላቸውም። የበሩ ድንጋዮች ኖራ ይቀባሉ፤ አቤት ለማለት ደጅ የሚጠኑት ተፈናቃዮችም ከነአግዳሚያቸው ይነሳሉ። ባለፈው ወር ደግሞ ዓይናቸው ያረፈው ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

ደብረ ብርሃን ባለው የእርዳታ መጋዘን ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያህል አሮጌ ማሽን አለ። የካምፑን የቀለብ ካርዶች በጅምላ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። አንድ ሥራ በጨረሰ ቁጥር ታዲያ እንዴት እንደዋለ የሚናገር ሎግ የሚሉት የጽሑፍ መዝገብ ይተዋል፤ በሰላም ቢጨርስም ይተዋል። ሎጉ ተከምሮ ተከምሮ ማሽኑን ሊያፍነው ደርሷል። ማሽኑን የምትይዘው ሰርካለም መላውን ነገረቻቸው፤ በደህና ላለቀው ዝም እንዲል፣ ለተበላሸው ግን እንዲናገር ማዘዝ ነው።

«የምን ማማረጥ ነው? ሁሉንም ዝጊው! እንግዶቹ ይሄን ቆሻሻ ይዩልሽ?» አሉ።

ተከራከረች፤ አልሆነላትም። እያጉረመረመች ዘጋችው።

ዛሬም እንግዶች ይጠበቃሉ። ጠዋት ላይ ፍቅርተ የምትባል ተፈናቃይ ሕፃን አዝላ ዘበኛውን ጥሳ ገባች። ብርዱ ከንፈሯን ሰነጣጥቆታል።

«እህቴ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ካርድሽ አልመጣም ይሉኛል። ካምፑን ለቃለች ተብሎ ነው አሉ። የት ብዬ ነው የምለቀው?»

አቶ ፍሥሐ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ኮምፒውተሩ ምንም ችግር አላሳየም። ውሸቷን ነው» አሉ።

የሰርካለም ደም ፈላ። ሎጉን ከፍታ ሥራውን እንደገና አስኬደችው። ስሕተቱ ወዲያው ወጣ። ማሽኑ ወደ አዲሱ መጠለያ የተዛወሩት ቤተሰቦች ጋ ሲደርስ መጠለያውን አላውቀውም ብሎ ቆሟል፤ ለእነሱም ሆነ ከእነሱ ወዲያ ላሉት ሁሉ፣ ለፍቅርተም ጭምር፣ ካርድ አልወጣም።

«ችግር አላሳየም ይሉኛል? አፉን አስዘግተውት በምኑ ይናገር!» ጮኸች። ንዴቷ ለእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የዘጋው የገዛ እጇ ነው።

«ድምፅሽን ቀንሺ! አሁኑኑ አጥፊው፤ እንግዶቹ ጫጫ ከተማን አልፈው ሊደርሱ ነው።»

አላጠፋችውም። አዲሱን መጠለያ ማሽኑ ላይ መዘገበችና ካርዶቹን ማተም ጀመረች። ፍቅርተ የራሷን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ያለፈው ወርስ?» አለች።

ሰርካለም ከማሽኑ ፊት ተነሳች። ወጥታ ከመጋዘኑ ጀርባ የተጣለውን አግዳሚ እየጎተተች አመጣችና ኖራ በተቀቡት ድንጋዮች መሃል አስቀመጠችው።

«ቁጭ በይ፣ እህቴ። ጎረቤቶችሽንም ጥሪያቸው። ያለፈውን ወር ምን በልታችሁ እንደከረማችሁ እንግዶቹ ከእናንተው ይስሙ።»

ፍቅርተ ሕፃኗን አውርዳ ተቀመጠች። አቶ ፍሥሐ በመስኮት ሆነው «አንሺው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ የእንግዶቹ መኪና በሩ ላይ ደርሶ ጥሩምባውን ነፋ።