ጋሼ ዛሬም ያሸንፋል

ታላቅ ወንድሜን ጋሼን የቀበርንበት አፈር ሳይደርቅ፣ ለዓመታት በኢንተርኔት በተጫወትነው የፖከር ካርታ ላይ ስሙ ብቅ ብሎ አሸነፈኝ። ደሜ ፈላ! የሞተ ሰው ስም የሚሰርቅ ምን ዓይነት ጅብ ነው? ወደ ጋሼ ሚስት ቤት ገሰገስኩ።

መኝታ ቤት፣ ማንም ያልተቀመጠበት ኮምፒውተር ካርታ ይጫወታል።

"ወንድምህ የጫነው ፕሮግራም ነው" አለችኝ። "በሕይወት እያለም የሚጫወትለት ይኸው ነበር።"

ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሲሸውደኝ ኖሯል! "ያጭበረብራል" ሲሉኝ ከስንቱ ጋር ተጣልቼለታለሁ! ገመዱን ልነቅል እጄን ሰደድኩ።

"ተው በሞቴ! ሲያሸንፍ ደወል ያሰማል። ጋሼህ እዚህ ያለ ይመስለኛል።"

ገመዱን ለቀቅኩ። ቤቴ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩና፣ ጥሩ ካርታ ይዤ ተሸነፍኩለት።