ሁለት ጆንያ ምርቃት

ሁለቱ ጆንያዎች የማን ናቸው?

ጥያቄው በኢሜይል የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። የላከው ባሕር ማዶ ያለ የወደብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። በማሸጊያ ዝርዝሩ ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ጆንያ ሰሊጥ ተጽፏል፤ ኮንቴነሩ ሲከፈት ግን የተቆጠረው ሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት ነው። ሁለቱ የምድብ ቁጥር የላቸውም። የማን ናቸው? ከየት መጡ? ለምን ተጫኑ? መልሱ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ እንዲደርሰን።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የማን እንደሆኑ አላውቅም። የኮንቴነሩን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዘጋጀሁት ግን እኔ ነኝ፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ብዬ የጻፍኩትም፣ የፈረምኩትም እኔው።

ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ። አክስቴ እንዲህ ስሆን ካየችኝ «ጉንዳን ወረረህ እንዴ?» ትላለች። ውጭ አገር ስድስት ዓመት ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ጉንዳኑ አልለቀቀኝም። እዚያ ሳለሁ እዚህ መሆን ያምረኝ ነበር፤ እዚህ ስመጣ ደግሞ የተማርኩት ነገር የሚጠቅም መሆኑን መጠራጠር ጀመርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ከታሪፍ ውጭ ስላሉ የንግድ እርምጃዎች ነበር፤ የምርመራ ወረቀት፣ የምልክት አለጣጠፍ፣ የጆንያ ዓይነት፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ልክ፣ እነዚህን ሁሉ በሠንጠረዥ ደርድሬ ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ። ለአክስቴ ላስረዳት ስሞክር «ቀረጥ ያልሆነ፣ ግን ቀረጥ የሚያህል ነገር ነው» አልኳት።

«ታዲያ ቀረጥ በለውና ተገላገል» አለችኝ።

ለእኛ ሰሊጥ እዚያ አገር ቀረጡ ዜሮ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደፉ ግን ከሰው ቁመት ይበልጣል።

አክስቴ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰሊጥ እያስለቀመች፣ እያበጠረች፣ ለትልልቅ ላኪዎች ስታስረክብ ኖራለች። እነሱ የራሳቸው ስም የታተመበት ጆንያ ያለብሱትና ይልኩታል። ይህ ኮንቴነር በራሷ ስም የሄደ የመጀመሪያዋ ነበር። ገዢው ሰሊጥ የሚፈጭ ፋብሪካ ያለው ሰው ነው፤ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይህኛው በደህና ከገባ በየሦስት ወሩ አንድ ኮንቴነር እወስዳለሁ ብሏል። ካልገባ ግን የመጋዘናችን ስም ተመላሽ ከተደረገባቸው ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ዝርዝር ውስጥ የገባን ላኪ ደግሞ የሚደፍር ገዢ የለም። አክስቴ ወደ ላኪዎቹ በር ትመለሳለች ማለት ነው።

ደብዳቤውን አትሜ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ለቃሚዎቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጠጠሩን ከሰሊጡ ይለያሉ። ከሁሉም አንጋፋዋ ሚዛን ትባላለች፤ በእጇ ያነሣችውን ጆንያ ኪሎውን ስለማትስት ያወጡላት ስም ነው። እኔን ደግሞ አቶ ወረቀት ይሉኛል።

«አቶ ወረቀት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋ?» አለች ሚዛን።

«አልጠፋም። ተረፈ።»

«መትረፉማ ደግ ነው። እንደ ጎደለ ሰው ምን ፊትህን አጨማደደው?»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ሁለት ጆንያ ነው የተረፈው። ኮንቴነሩ ውስጥ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አንዷ ወንፊቷን አነሣች፤ ሌላዋ የሌለ ጠጠር መፈለግ ጀመረች። ሚዛን ሻሿን አጠበቀችና፣

«እትዬን ጠይቃቸው» አለች።

አክስቴ ከገበያ እስክትመለስ የመጋዘኑን ርዝመት ስንት ጊዜ እንደለካሁት አላውቅም። ስትመጣ ደብዳቤውን በቃሌ ተረጎምኩላት። ጫማዋን እየቀየረች ሰማችኝ።

«የኔ ናቸው» አለች። «ምርቃት ናቸው።»

«ምን?»

«ምርቃት። ቋንቋም ረሳህ? ሰፍሬ፣ ሞልቼ፣ ከላይ ሳልመርቅ የሸኘሁት ገዢ የለም። ሰውየው የመጀመሪያ ደንበኛዬ ነው፤ ጣሳ ሙሉ ብመርቅለት ኮንቴነር ውስጥ የት ይታያል? ሁለት ጆንያ አልኩ።»

ጭነቱ ሲጠናቀቅ እኔ የምርመራ ውጤት ለመቀበል ላቦራቶሪ ነበርኩ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሆነው።

«አክስቴ፣ ኮንቴነር አይመረቅም።»

«ማን አለ?»

«ሕጉ።»

«ሕጉ አትጨምሪ ይላል?»

«ያልተመረመረ አትጫኚ ይላል። ሦስት መቶ ሰማንያው ተመርምሯል፣ ቁጥር አለው። ሁለቱ የላቸውም።»

«ከኋላ ክፍል የወጡ ናቸው። ከሁሉ የተሻለው፣ ለራሴ ያስቀመጥኩት። በእጄ ነው ያበጠርኩት። እሱ ላይ ምን ሊያገኙ ይመረምሩታል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትጽፈው ነበር። የተጻፈ ምርቃት ሒሳብ ይሆናል እንጂ ምርቃት አይሆንም።» ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር ገፋችው። «አንተ ስድስት ዓመት ቆይተህ ተመርቀህ መጣህ፣ ማንም ምንም አላለህም። እኔ አንድ ቀን ብመርቅ ይኸው አገር ተናወጠ።»

መሳቅ አምሮኝ ነበር፤ አልወጣልኝም። የባሰብኝ ነገር ሕጉን ለመርገም እንኳ አለመቻሌ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ሰሊጥ ቅቤ የተጻፈ አንድ የምርመራ ዘገባ አንብበናል፤ ጀርም ነበረበት፣ ልጆች ታመዋል፣ ከየትኛው መጋዘን እንደወጣ የታወቀው በጆንያ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር አጥር ነው ወይስ ዘብ? ያን ጊዜ ፈተና ላይ ዘብ ነው ብዬ ጽፌ ጥሩ ነጥብ አግኝቻለሁ። አሁን ግን የአክስቴን እጅ አያለሁ።

በማግስቱ የጉምሩክ ጉዳያችንን የሚያስፈጽምልን ትራንዚተር መጣ። የሞተር ቆቡን ሳያወልቅ ደብዳቤውን አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ይቺማ ቀላል ናት ወንድሜ። ምልክቱ በጉዞ ላይ ተላጠ በላቸው። የማሸጊያ ዝርዝሩን ሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት አድርገን እንደገና እናትመዋለን።»

«የላቦራቶሪው ወረቀትስ?»

«እዚያም ሰው አለኝ።»

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «ሰው ካለህ ሰላም በልልኝ» አለችው። «ወረቀቴን ግን እንዳትነካ።»

«እናቴ፣ እውነት እኮ ባሕር ላይ ረጅም መንገድ ሲሄድ ይበላሻል።»

«ሰሊጤ ሳይበላሽ ከደረሰ እሱም ይደርሳል።»

ትራንዚተሩ ሳቀ፣ ቆቡን አጥብቆ ሄደ። እኔ እውነቱን ጽፌ ላክሁ፤ ሁለቱ ጆንያዎች የመጋዘኑ ናቸው፣ ባለቤቷ ለገዢው በነፃ ጨምራ የጫነቻቸው ናቸው። ለገዢውም አሳወቅሁት። «ጉዳዩን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ጨርሱ፤ ሲገባ ንገሩኝ» ብሎ መለሰ። ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከመሥሪያ ቤቱ የመጣልኝ መልስ ቅጽ ነበር። «የትርፍ ዕቃው ምክንያት» ይላል፤ ከሥሩ አራት ሳጥኖች አሉ። ናሙና። ስጦታ። ምትክ። ስህተት። ከአራቱ አንዱ ካልተነካ ቀጣዩ ገጽ አይከፈትም።

አክስቴ ከጎኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች። «ምርቃት የሚል የለም?»

«የለም።»

«ጨምርበት።»

«አይጨመርም።»

«ስጦታ በለዋ።»

«ስጦታ ካልኩ ሰጪና ተቀባይ ምን አላቸው ይላሉ፤ የተቀባይ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ናሙና ካልኩ ደግሞ ናሙና የራሱ የጤና ወረቀት አለው። ምትክ እንዳልል፣ ከዚህ በፊት የተበላሸብን ዕቃ የለም።»

«እንግዲህ እንደ ሆነ አድርገው። ስህተት ብቻ እንዳትል።»

«አክስቴ፣ ስህተት ማለት እኮ እነሱ ዘንድ ቀላሉ ነው።»

«እኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። የተሳሳተ ሰው ሳያውቅ ነው የሚያደርገው። እኔ እያወቅሁ ነው የጫንኩት፤ ከፍ ያለውን መርጬ።» መነጽሯን አወለቀች። «አሥራ ስምንት ዓመት ላኪዎቹ አንድ ቀን ተሳስተሻል ብለውኝ አያውቁም።»

«እሺ» አልኳት።

እሺ ካልኩ በኋላ አራት ቀን ቅጹን እየከፈትኩ ዘጋሁት። ከቢሮ ወጥቼ እስከ መንገዱ ጥግ እሄዳለሁ፣ ስልኬ የጮኸ ይመስለኛል፣ እመለሳለሁ። ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው እነሣለሁ። ከአሥሩ ቀን ስምንቱ ሲሞላ፣ አክስቴ ለቃሚዎቹ ዘንድ እያለች፣ «ስህተት» የሚለውን ሳጥን ነካሁት።

አውቃለሁ ብዬ ነው። በሠንጠረዤ ውስጥ ስህተት ብለው ያመኑ ላኪዎች አብዛኛውን ጊዜ ትርፉ ብቻ ተለይቶ ይወገድባቸዋል፣ የቀረው ይገባል። ሁለት ጆንያ ሞቶ ሦስት መቶ ሰማንያ ይዳን ብዬ አሰብኩ። ለማብራሪያ በተተወው ቦታ ላይ «በጭነት ወቅት በሠራተኛ በኩል የተፈጠረ የቁጥጥር ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ነበር፤ አስተማሪዎቼ ቢያዩት ይወዱት ነበር። ለአክስቴ አልነገርኳትም።

ውሳኔው በሦስተኛው ቀን መጣ። ላኪው መጋዘን በጭነት ወቅት ቁጥጥር እንዳልነበረው ራሱ አምኗል፤ ስለዚህ የቀሩት ሦስት መቶ ሰማንያ ጆንያዎችም የተመረመሩት ራሳቸው መሆናቸውን ማረጋገጥ አይቻልም። ጭነቱ በሙሉ እንዳይገባ ተወስኗል። ወይ ይመለሳል፣ ወይ ይወገዳል። የላኪው ስም በዝርዝሩ ተመዝግቧል።

እግሬ ነው ወደ መጋዘኑ የወሰደኝ። አክስቴ በወስፌ የጆንያ አፍ እየሰፋች ነበር። ቆሜ ነገርኳት። እጇ አልቆመም፤ ስፌቱን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች።

«ምን ብለህ ጽፈህላቸው ነው?»

«ስህተት።»

«የማን ስህተት?»

«የሠራተኛ።»

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት እጆች ሁሉ ረጋ አሉ። ሚዛን ወንፊቷን አስቀመጠች።

«የትኛዋ ሠራተኛ?» አለች። «ሁለቱን ከኋላ ክፍል ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ስሜን ጽፈህ ነው?»

«ስም አልጻፍኩም።»

«ስም ከሌለውማ ሁላችንም ነና።»

አቶ ወረቀት ብሎ የቀለደብኝ አልነበረም። ቢቀልዱብኝ ይሻለኝ ነበር። ጭነቱን ለማዳን ብዬ እንደነበር ላስረዳ ጀመርኩ፣ ሠንጠረዥ የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ሲል ለራሴም አስጠላኝና ተውኩት።

አክስቴ ወስፌዋን ጆንያው ላይ ሰካች። «ይመለስ» አለች። «ሰው የሚበላው ነገር አላቃጥልም።» ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቢሮው ቀደመችኝ። «ና፣ ጻፍልኝ።»

«ለመሥሪያ ቤቱ? ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ግን...»

«ለሰውየው። ለመሥሪያ ቤቱ አንተ ጽፈህለታል። እኔ የምለውን እንዳለ ነው የምታስቀምጠው። አታሳምረው።»

ተቀመጥኩ። እሷ አልተቀመጠችም፤ ዛሬ የምትመላለሰው እሷ ሆነች። አንድ ዓረፍተ ነገር ትላለች፣ ትርጉሙን እስክጽፍ ትጠብቃለች፣ ትቀጥላለች።

«ጤና ይስጥልኝ በለው። የሰሊጡ ባለቤት ነኝ፤ እስከ ዛሬ የጻፈልህ የወንድሜ ልጅ ነው። ሁለቱን ጆንያ የጫንኳቸው እኔ ነኝ። አልተሳሳትኩም፤ ሠራተኞቼም አልተሳሳቱም። ላንተ ከልኩ በላይ ልሰጥህ ብዬ ነው፤ እንደዚያ እንደማይደረግ አላወቅሁም ነበር። አሁን አውቄያለሁ።»

«እንደማይደረግ የሚለውን ‹ደንቡን አለማወቅ› ብለው አይሻልም?»

«እንዳለ አልኩህ።»

እንዳለ ጻፍኩት።

«ሰሊጡ ሲመለስ ጆንያ በጆንያ እንደገና አስመረምረዋለሁ። ፋብሪካ ያለህ ሰው ነህና መጥተህ እየው፤ መምጣት ካልቻልክ የምታምነው ሰው ላክ። ሁለተኛ ጊዜ ከወሰድከኝ...» እዚህ ላይ መስኮቱ ዘንድ ደርሳ ቆመች። ፊቷን አላዞረችም። «ሁለተኛ ጊዜ ከወሰድከኝ በቁጥሩ ልክ ነው የምልክልህ። አንድም አልጨምርም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለመተርጎም ቀላል ነበረች። በእነሱ ቋንቋ የታማኝ ነጋዴ ቃል ነው የምትመስለው፤ ምን እንደተወችለት ከዚያ ውስጥ ሊያነብ አይችልም። ማብራሪያ ልጨምር ጣቴን አነሣሁና መልሼ አወረድኩት።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ላከው።»

ማክሰኞ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ላክሁት። ለአንድ ሳምንት ያህል አክስቴ በየጠዋቱ «ጻፈ?» ትለኝ ነበር፤ ከዚያ መጠየቋን ተወች። እኔ አሁንም ኢሜይሌን በቀን ብዙ ጊዜ ከፍቼ አየዋለሁ። ሰውየው አልመለሰም።