የእንግዳ ቀረጥ

ዐስሊ በገንዘብ አትሰስትም። ይህን ጅቡቲም ድሬም ያውቅላታል። ስለዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ፊት ምርኩዟን ተደግፋ «ይህቺን አልከፍልም» ስትል፣ የሚያውቃት ሰው ቢሰማ ነገሩ የገንዘብ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባው ነበር። ምን ያደርጋል፣ እዚያ የሚያውቃት ሰው አልነበረም።

«እናቴ፣ የክፍሉን ልጅዎ ከጅቡቲ ከፍሏል» አለቻት ተረኛዋ ማህደር፣ ሥልጠና ላይ እንደተማረችው ፈገግ ብላ። «ይቺ የውጭ አገር እንግዶች ቀረጥ ናት። በየአዳሩ የምትታሰብ ናት።»

«እኔ እዚሁ ድሬ፣ መጋላ ነው የተወለድኩት።»

«ፓስፖርትዎ ግን የጅቡቲ ነው።»

«እንግዲያው ፓስፖርቱ ይክፈላ።»

ማህደር ሳቋን ዋጠች። ዐስሊ ግን አልሳቀችም። «እርስዎ» መባሏም ራሱ ከንክኗታል። ድሬ ትልቅ ትንሹ አንተ አንቺ ተባብሎ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ «እርስዎ» ከተባልክ ወይ ባለሥልጣን ነህ፣ ወይ ባዕድ። ዐስሊ ደግሞ ባለሥልጣን አይደለችም።

በልጅነቷ ተድራ በአሮጌው ባቡር ጅቡቲ ከወረደች ወዲህ፣ በየዓመቱ ያ ኸምሲን የሚሉት የእሳት ነፋስ ሲነሳ ወደ ድሬ ትመጣለች። ጅቡቲ አቅሙ ያለው ሁሉ ያን ጊዜ ከሙቀቱ ሸሽቶ ወዲህ ይወጣል። ሌላው ሆቴል ያርፋል፤ እሷ ግን መጋላ፣ እህቷ መድና ቤት ነበር የምታርፈው። መድናም አክብራ አታስተናግዳትም። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ መጥረጊያ ታስጨብጣትና «ዘንድሮ ደጁ ያንቺ ነው፣ እኔ ጠርጌ ጠርጌ ወገቤ ተቆርጧል» ትላታለች። ዐስሊ ከዓመት ዓመት የምትናፍቀው ያን መጥረጊያ ነበር።

ባለፈው ክረምት መድና ሞተች። ዐስሊ ያኔ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበረች፤ አልቀበረቻትም፣ ለቅሶዋም ላይ አልተቀመጠችም። የመድናም ቤት የኪራይ ነበርና ለሌላ ሰው ተሰጠ። የዐስሊ ልጅ ጦልሃ ነው እንግዲህ በስልኩ ይህን ሆቴል የያዘላት። አሁንም ደውላ ብትነግረው፣ «እማ፣ እኛም ኢስታንቡል ስንዝናና ከፍለናል። በየአገሩ ያለ ነገር ነው፤ ምን ችግር አለው?» አላት።

ኢስታንቡልማ የመድና ከተማ አልነበረችም። ዐስሊ ያን ቀረጥ ብትከፍል፣ ድሬ ላይ እንግዳ መሆኗን በገዛ እጇ ማመኗ ነው። እህቷ ከሞተች ጀምሮ የምትፈራው ይኼንኑ ነበር፤ መድና ስትሄድ ከተማዋንም ይዛባት ሄዳ እንደሆነ።

«ተይው ልጄ» አለች በመጨረሻ። «የዛሬን ልደር፣ ነገ ባቡሬን ይዤ እመለሳለሁ። ሁለተኛም አልመጣም።»

ማህደር አዘነችላት። «መጋላ ሄደው ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«ማን ዘንድ?»

ማህደር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ተረኛነቷ ሲያልቅ ግን ዐስሊን በረንዳው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻትና፣ «እኔም ወደ መጋላ ነኝ፣ ባጃጅ እንጋራ» አለቻት። ውሸቷን ነው። ቤቷ ሳቢያን ሰፈር፣ በሌላ አቅጣጫ ነው። ለዚህች ውሸት የሚቀየማት ካለ ይቀየማት።

ባጃጁ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በድልድዩ ተሻግሮ መጋላ፣ ጠባቡ መንደር አፍ ላይ አወረዳቸው። የመድና በር ላይ ዐስሊ የማታውቀው መጋረጃ ተሰቅሏል። አዲሷ ተከራይ ወጣ ብላ አየቻቸውና በትሕትና ወንበር አመጣች። «እንግዶች፣ አረፍ በሉ።» ደግ ሴት ናት፣ ምን ታድርግ? ዐስሊ ግን ሳትቀመጥ፣ «እንመለስ» አለች።

ያን ጊዜ ከፊት ለፊቱ የሽቲ ጨርቅ ሱቅ አንዲት ሴት በመነጽሯ አናት ላይ አየቻት። ፋርሂያ ናት፤ የሰፈሩ ሴቶች በሐዘን በሰርጉ የሚደጋገፉበት የአፎቻ ማኅበር ሰብሳቢ። ዐስሊ፣ ሴትዮዋ ተነስታ የምታቅፋት መስሏት ጠበቀች። ፋርሂያ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ዐስሊ። መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ዳሌዬ ተሰብሮ...»

«ሰምተናል፣ አላህ ያሽርሽ። ስልክሽም ተሰብሮ ነበር? ልጅሽንስ መላክ አቅቶሽ ነው? መድናን እኛ አጠብናት፣ እኛ አለቀስንላት፣ ያንቺ ቦታ ባዶውን ዋለ። አፎቻችን ለቅሶ የቀረን እንደሚቀጣ ታውቂያለሽ። ወላሂ ተቀጥተሻል።»

ማህደር ክው አለች። ሐዘንተኛ ሴት እንዲህ መንገድ ላይ ትቀጣለች? መሀል ልትገባ ስትል የዐስሊን ፊት አየችና ቆመች።

«እኔ እኮ...» አለች ዐስሊ ቀስ ብላ። «አባልዋ መድና ናት። እኔ አይደለሁም።»

«መድና የአንድ ሰው መዋጮ ብቻ ከፍላ አታውቅም። ከተዳርሽ ጊዜ ጀምሮ ‹የእኔና የዐስሊ› እያለች ነው የምትሰጠን። አሁን እሷ የለችም፣ አንቺ ግን አለሽ። ወይስ አንቺም ሞተሻል?»

ዐስሊ ጅቡቲ አልጋዋ ላይ ሆና እምቢ ያላት ዕንባ ያን ጊዜ መጣ። ሐዘን ብቻም አልነበረም፣ እፎይታም ነበረበት። እንግዳ አይቀጣም እኮ። እንግዳ ቢያጠፋም «ምንም አይደል» ተብሎ ይሸኛል። የሚቆጡት የቤት ሰውን ነው። ዓመቱን ሙሉ «አይዞሽ፣ ሕመም ላይ ነበርሽ» ያላት ሁሉ አላጽናናትም ነበር፤ ይቺ ቅጣት አጽናናቻት።

ፋርሂያም ሜትሯን ጥላ ተነሳች። ሁለቱ አሮጊቶች መንገዱ መሀል ተቃቅፈው ስለ መድና አለቀሱ፤ ባጃጆቹ ጡሩምባ ሳያሰሙ ዞረዋቸው አለፉ።

«ቅጣቱ ግን አይቀርልሽም» አለቻት ፋርሂያ በጆሮዋ።

«እንዳይቀርልኝ፣ አባዮ፣ እህቴ» አለች ዐስሊ።

በማግሥቱ ጠዋት ማህደር ቀና ስትል ዐስሊ ከፊቷ ቆማለች። ፓስፖርቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ከላዩም ገንዘብ አስቀመጠች።

«ይኸው ቀረጣችሁ።»

«ልትሄጂ ነው?» አለች ማህደር ደንገጥ ብላ። «እርስዎ» ማለቱን መቼ እንደተወችው እሷም አላወቀችም።

«የት እሄዳለሁ? ክፍሉን እስከ እሑድ አራዝሚልኝ። ቀረጡንም እስከ እሑድ አስቢው።»

«ትናንት አንድም አልከፍልም ብለሽ፣ ዛሬ ጭራሽ ልትጨምሪ?»

«አቦ፣ እናንተ እንግዳ በሉኝ፣ ግድ የለኝም» አለች ዐስሊ። «ሐሙስ የአፎቻችን አባል የሲሃም ልጅ ሰርግ ነው። ሽንኩርት መላጥ ላይ ነው የመደቡኝ።»

ምርኩዟን አንስታ ወደ በሩ ጥቂት ሄደችና ዘወር አለች፤ ፊቷ በኩራት በርቷል።

«ከቀረሁ ይቀጡኛል።»