ሞደሙ እንቢ ያለበት ዓርብ

ደመቀች ከጥዋት ጀምሮ የተቆጣችው በሞደሙ ብቻ አልነበረም። በልጇ በማስተዋልም፣ ላፕቶፑን ትቶላቸው በሄደው በዘመነም፣ የኢንተርኔት ቤቱን ቆልፎ ልክ በዚህ ሳምንት ለሐዘን ወደ ፃግብጂ በወረደው ሰውዬም ጭምር ነበር። ሞት ቀን እንደማይመርጥ ታውቃለች። ቢሆንም ተቆጥታለች።

የነርስ ኮሌጁ የመግቢያ ፈተና ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ የሚዘጋውም ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ። አምና መስመር ተቋርጦ ማስተዋልን አልፏታል። ዘንድሮም ካለፋት ሁለተኛ እንደማትሞክር ምላለች፤ ልጅቱ ደግሞ የማለችውን የምታጥፍ አይደለችም።

ዘመነ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ሦስት ዓመት ጓሯቸው ባለው ክፍል የተከራየ የግብርና ባለሙያ ነበር። ወደ አገሩ ሲዛወር አሮጌ ላፕቶፑን ለማስተዋል ሰጣት። ቫይረስ አይነካውም ብሎ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባል ጭኖበታል፤ ጽሑፉንም በአማርኛ አድርጎታል። ያኔ ደመቀች ቆማ መርቃዋለች። ዛሬ ምርቃቷን መልሳ ልትወስደው ምንም አልቀራት።

ሞደሙን የተዋሱት ከምስራቅ ነው፣ ደመቀችን በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ካስቆጠረቻት መምህር። ምስራቅ ሰክተው እንዲጠብቁ ብቻ ነግራቸዋለች፤ የመገናኛው መስኮት ራሱ ይከፈታል። በእሷ ዊንዶውስ ላይ እንደዚያ ነው። በዚህኛው ላይ ግን ሞደሙ እንደ ፍላሽ ተከፍቶ በሆዱ የያዘውን ፋይል ይዘረግፋል፤ አንዱን ሲነኩት ማሽኑ ይህን መክፈቻ የለኝም ይላል። ማስተዋል ነቀለችው፣ ሰካችው፣ በግራ ሞከረችው፣ በቀኝ ሞከረችው። ደመቀች ከኋላዋ ቆማ በየመሐሉ ኪዳነ ምሕረትን ትጠራለች።

"እማዬ፣ ማጅራቴ ላይ አትተንፍሺ።"

"እስትንፋሴንም ልከልከል?"

ስምንት ሰዓት ላይ ዘመነ ጋ ደወሉ። መጀመሪያ ሳቀባቸው። ቀጥሎ ፋይሎቹን እንዳይነኩ፣ ሞደሙ ከተሰካ በኋላ ደቂቃ ያህል እንዲታገሡት፣ ከዚያ ከላይ ጥጉ ላይ ካለው ምልክት ገብተው አዲስ ግንኙነት እንዲከፍቱ፣ አገሩንና መስመሩን እንዲመርጡ አንድ በአንድ ነገራቸው። "እትዬ ደመቀች፣ እርስዎ አይቆጡ፣ ማሽኑ ይደነግጣል" ብሎ እየቀለደ ሳለ ስልኩ ተቋረጠ።

እንዳላቸው አደረጉ። "ተገናኝቷል" የሚል ጽሑፍ መጣ። ደመቀች ራሷ አንብባው እልል ልትል ስትል፣ ማስተዋል የኮሌጁን ገጽ ከፈተች፤ በምትኩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ዘጋችው። እንደገና ከፈተች፤ ያው ማስጠንቀቂያ። ሌላ ገጽ ሞከረች፤ ያው። ዐሥር ሰዓት ሆነ። ማስተዋል ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታች። ሞደሙን ረገመች፣ ሊኑክሱን ረገመች፣ በዋግ መፈጠሯን ረገመች፤ ማስጠንቀቂያውንም ገና ብቅ ሲል ትዘጋው ጀመር።

ደመቀች መታገሥ የማትችለው ይህን ነው። በምስራቅ ክፍል ጽሑፍ ጣት ከሥሩ እየሄደ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ይነበባል፤ ዘሎ የሚያልፍ ተማሪ እንደገና ይጀምራል። የልጇን እጅ አንጓው ላይ ያዘችው።

"ምን እንደሚል እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።"

"አይሆንም ነው የሚለው፤ ሌላ ምን ይላል?"

ደመቀች ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። እንግሊዝኛውን አታውቀውም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። "ይቺ 2017 ምን አጠፋች? ዓመተ ምሕረታችን ነው።"

ማስተዋል ጎንበስ ብላ አነበበች። የኮምፒዩተሩ ቀን ተሳስቷል፣ ስለዚህ ገጹን ማመን አልችልም ነው የሚለው። ውጭ ያለው ዓለም በፈረንጆቹ 2025 ሲል፣ ይህ ማሽን በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።

"ቀኑን ማን ነው የነካው?" አለች ቀስ ብላ።

ሰኞ ዕለት ብቻዋን ሳለች፣ ደመቀች ላፕቶፑን የከፈተችው ንባብ ልትለማመድ ነበር። "ቀን እና ሰዓት" የሚለውን አነበበች። ዓመቱ 2025 ይላል፤ ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት ደግሞ ዘጠኝ ይላል። በቀን ስህተት ስንት ማመልከቻ ሲመለስ ዐይታለች፤ የልጇም እንዳይመለስ ፈርታ ሁለቱንም አረመች። ለማንም አልተናገረችም፤ ማንበቧን በኋላ ልታበሥራቸው ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች፤ ማፈሯ ድምፅዋን አሻከረው።

"ትናንት ፊደል ቆጠርሽና ዛሬ ዓለምን ልታርሚ ተነሣሽ?"

ደመቀች ልትመታት እጇን አነሣች፤ መልሳ ሰዓቱን ዐየች። ዐሥር ተኩል።

"ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረሽ የዘለልሽውን ያስነበብኩሽ እኔ ነኝ። አሁን አስተካክይና ሙዪ። ስትጨርሺ እንጣላለን።"

ማስተዋል ዓመቱንም ሰዓቱንም መለሰችው። ገጹ ተከፈተ። ስሟን፣ የትውልድ ዘመኗን፣ ውጤቷን ሞላች፤ ደመቀችም ማጅራቷ ላይ እንዳትተነፍስ ራቅ ብላ ቆመች። ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን የምዝገባ ቁጥሩ መጣ። ማስተዋል በወረቀት ጻፈችው፤ ደመቀች ከስክሪኑ ጋር እያስተያየች ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ወረቀቱንም አጥፋ ጉያዋ ከተተችው።

ከዚያም ላፕቶፑን ከደነችው። በርጩማዋን ስባ ከልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"በይ" አለች፣ "ፊደል ስለ መቁጠር ያልሽውን አሁን ድገሚው።"

ማስተዋል አልደገመችውም።