ባዶው ኩርባ

ወንድሜን የሥራ ባልደረቦቼ «አሞራው» ነው የሚሉት። አደጋ ባለበት ሁሉ ከአምቡላንስ ቀድሞ ይገኛላ። የማንም ተቀጣሪ አይደለም፤ ቀርጾ ለቴሌቪዥን ጣቢያችን ይሸጣል፣ እኔ ደግሞ ቆራርጬ ለዜና አዘጋጃለሁ። ቅጽል ስሙን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን አንድም ቀን ስቄ አላውቅም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ በእጄ ያደገውን ልጅ አሞራ ሲሉብኝ ደሜ ይፈላል።

የሞተረኛው አደጋ በዜና የተላለፈ ዕለት አለቃችን ደስታውን መደበቅ አቅቶት ነበር። አንድ የጭነት መኪና ኩርባው ጋ ተበላሽቶ ቆሟል፤ ሞተረኛው ታጥፎ ይመጣና ከኋላው ይላተማል። ሌላ ጊዜ አሞራው የሚያመጣልን የተጨማደደ ብረትና የተሸፈነ ሬሳ ነው። ይኼኛው ግን አደጋውን ራሱን ይዟል። «የቆመውን መኪና ስቀርጽ ነው አደጋው የደረሰው፣ ዕድል ነው» አለን። ሾፌሩ ከኋላው የማስጠንቀቂያ ትሪያንግል አላስቀመጠም ተብሎ ታሰረ። እውነትም በዜናው ላይ አስፋልቱ ባዶ ነው፤ ትሪያንግል የሚባል ነገር የለም። ሰውየው «በገዛ እጄ አስቀምጬ ነው መኪናው ሥር የገባሁት» እያለ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አላገኘም።

የሾፌሩ ሚስት የጣቢያችን በር ላይ መቆም ጀመረች። ጥበቃው ሲያባርራት ወደ ማዶ ትሻገራለች፣ ዞር ሲል ትመለሳለች። አንድ ቀን ስወጣ እጄን ያዘችኝ።

«እህቴ፣ ባሌ እኮ ቤት ቆልፎ እንኳ እጀታውን እየተመላለሰ የሚነካካ ሰው ነው። እንዴት ብሎ ይረሳል? ፊልሙን ከመጀመሪያው እዪልኝ፣ ሌላ ምንም አልልሽም።»

አንጀቴን በላችው። ባየው ምን እጎዳለሁ ብዬ ተመልሼ ገባሁ።

ለዜናው የቆረጥኩት ሞተረኛው ብቅ ካለበት ጀምሮ ነበር። አሁን ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ወንድሜ የሚሠራበት ካሜራ የእኔ አሮጌ ካሜራ ነው። የመቅረጫው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ያለውን ጥቂት ሰከንድ አብሮ እንዲያስቀር ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ቀራጭ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚጫን ይጠቅማል። ለእሱ ግን ነግሬው አላውቅም። እሱም የቀረጸውን ከፍቶ የማየት ልማድ የለውም፤ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ ይሄዳል።

ትሪያንግሉ ነበረ። መሐል አስፋልቱ ላይ በደንብ ቆሟል። ከዚያ ግራጫ እጅጌ ያለው እጅ ከምስሉ ጠርዝ ገባና ጎትቶ አወጣው፤ ብረቱ መሬቱን ሲፍቅ ይሰማል። ቀጥሎ ኮቴ፣ ቀጥሎ የቁልፉ ጢት የሚል ድምፅ።

ክው አልኩ። በእኛ ሥራ ምስል ማጽዳት ይሉታል፤ ዓይን የሚረብሽ ነገር ካለ ታነሳለህ፣ ስትጨርስ ትመልሳለህ። ረስቶት ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ስሞክር ከሩቅ የሞተር ድምፅ መጣ። ካሜራው የጭነት መኪናውን ተወና ቀስ ብሎ ዞረ። ባዶውን ኩርባ ያዘ፣ ደበዘዘ፣ ጠራ። ከዚያ ቆሞ ጠበቀ። ምንም በሌለበት አስፋልት ላይ ፎከስ የሚያስተካክል ሰው የሚመጣውን የሚያውቅ ብቻ ነው። ትሪያንግሉን ለመመለስ ጊዜ ነበረው።

ከዚያ ወዲህ ያ ኩርባ አልለቀኝም። ፊቴን ስታጠብ አየዋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ አየዋለሁ። ማንም ባይመጣ ብዬ እለምናለሁ። ሞተረኛው ግን ሁልጊዜ ይመጣል፤ የሚሄድበት ያለው ሰው ነው፣ ይቸኩላል። ፈራሁ። ወንድሜን ቤት ጠርቼ ፊልሙን አሳየሁት። ዓይኑን ሳይነቅል እስከ መጨረሻው አየ።

«እትዬ፣ ፍሬን ይይዛል ብዬ ነው።»

«ባይዝስ?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ፎከሱ ግን አሪፍ ነው፣ አይደል?» አለኝ። ፊቴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጥፊው በቃ። ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?»

እውነቱን ነው፣ ማንም የለኝም። ሲወጣ እንደ ልማዱ ጉንጬን ሳመኝ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ፊልሙን ጉዳዩን ለያዘው የፖሊስ መርማሪ ወሰድኩለት። ደጋግሞ አየና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ፊት አይታይም እኮ። ቀራጩ ‹እኔ አይደለሁም፣ ሾፌሩ ራሱ ነው ያነሳው› ቢል በምን አስተባብላለሁ? እጅ ብቻ ነው ያለኝ። እርስዎ የማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

በሩ ክፍት ነበር። የሾፌሩ ሚስት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ እጁ ትሪያንግሉን እንደጨበጠ ቆሟል።

«አውቃለሁ» አልኩት። «የወንድሜ ነው። መንገድ መሻገር ያስተማርኩት ይኼን እጅ ይዤ ነው።»